ወራጅ አለ፦ በረጅም በረራ ስለ መተኛት የቀረበ የካዛንቺስ ጥናት

በረጅም በረራ እንዴት እንደሚተኛ ብዙ ተጽፏል። ጸሐፊዎቹ ግን በአመዛኙ ባሕር ጠለል አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ምክራቸው ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ይሥራ አይሥራ የፈተሸው የለም። ይህ ጥናት የተነሣው ያንን ለመፈተሽ ነው። ናሙናው አንድ ሰው ነው፤ አክስቴ። የጥናት ሥነ ምግባር ስሟን እንዳልጠቅስ ያዘኛል። እሷም «ስሜን ጋዜጣ ላይ ብታወጣ ውርድ ከራሴ» በማለት የስምምነት ፎርሙን በቃሏ ሞልታለች። ከዚህ በኋላ «ተሳፋሪ ሀ» ትባላለች።

ተሳፋሪ ሀ ካዛንቺስ ተወልዳ ካዛንቺስ ያረጀች ናት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ልጇን ልታርስ ዋሽንግተን ሄደች፤ በኅዳር 2017 ተመለሰች። በሁለቱም በረራዎች ምን ያህል እንደተኛች ስትጠየቅ የሰጠችው መረጃ «አንዴ ዓይኔን ከደን አድርጌ ነበር» የሚል ነው። ከደን የተደረገበት ሰዓትና የአየር ክልል አልተመዘገበም።

ውጤቱ ግራ ያጋባል። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ የሠለጠነ ሰው ማግኘት ያስቸግራልና። ሰፈሯ ከመነሻው የመኝታ ሰፈር ነው። «ካዛንቺስ» የተባለው ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ተቋም ነው፤ ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤት። ሠራተኛው ቀኑን ቢሮ ስለሚውል ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደዋለ መገመት አይከብድም። በኋላም አካባቢው በሆቴል ላይ ሆቴል እየተደረበበት፣ ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስብሰባ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ የሚያድርበት ሆነ። ሌሊት የነቃው ነዋሪው ብቻ ነበር።

ነዋሪውን ያነቃው የታወቀ ነው። በአንድ ወገን አዝማሪ ቤቱ፣ በሌላ ወገን የዑራኤል ማኅሌት። የውጭ ጸሐፊዎች የሞተር ድምፅ እንቅልፍ ይነሣል ብለው የጆሮ መድፈኛ ያዛሉ። ተሳፋሪ ሀን ስለ ሞተሩ ብንጠይቃት «የቱ ሞተር?» አለች። ሞተር ሰምና ወርቅ የለውም። በስምህ እየጠራ አያወድስህም፤ ግንባርህ ላይ ብር እስክትለጥፍለት ድረስም ፊትህ አይቆምም። ከማሲንቆ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ አርባ ዓመት ለተኛ ሰው ሞተር ማለት ጸጥታ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ምክንያት የአየር መሳሳት ነው፤ እዚህ ላይ ጥናቱ ትንሽ መቆየት ይፈልጋል። አውሮፕላን በ12,000 ሜትር ገደማ ሲበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ተራራ ላይ የወጡ ያህል ይሆናል። በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2,440 ሜትር፣ በድሪምላይነርና በኤርባስ 350 ደግሞ 1,830 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። የለንደን ሰው ይህን ከፍታ ይፈራዋል፤ መብቱ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ግን 2,334 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ድሪምላይነር የተሳፈረ ሰው አውሮፕላኑ ወደ ሰማይ በወጣ ቁጥር እሱ ወደ ታች እየወረደ፣ በመጨረሻ የባሕር ዳር ከተማ ከፍታ ላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን ከጃፓን ውጭ ቀድሞ የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደገኛው ቆላ ወርዶ አየር የሚቀይረው በሰማይ በኩል ሆኗል። «አየሩ ሳስቶብኝ አልተኛሁም» የሚል የአዲስ አበባ ሰው ካለ፣ ሳይንስ አይደግፈውም።

ይኸው ከፍታ ሌላ መዘዝ አለው። በሳሳ አየር ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ መነሣት ስለሚከብድ፣ የዋሽንግተኑ በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ሲመለስ ግን ከደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ቆላማ ሜዳ ተነሥቶ 13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ይመጣል። ማረፉ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የቂርቆስ ሰው ረጅም ጉዞ የለመደው በለገሃር ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ብቻ ሲሆን፣ ሲመሽ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ራሱም ያድር ነበር። ተሽከርካሪውና ተሳፋሪው እኩል የተኙበት ዘመን ያ ብቻ ነው። አየር መንገዱም በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሲጀምር፣ ከጦርነት የተረፉት ሲ-47 አውሮፕላኖች ወንበራቸው ግድግዳና ግድግዳውን ይዞ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥ ነበር። ከተማችን በኋላ በዚሁ አቀማመጥ የሚያስኬድ ታክሲ ስትይዝ «ውይይት» አለችው። ትዝብት ባለበት እንቅልፍ የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው በእንግዳ ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲተኛ የአንጎሉ ግራ ክፍል እንደ ዘበኛ በከፊል ነቅቶ እንደሚያድር አሳይተዋል። በቀኝ ጆሮ የገባ ለየት ያለ ድምፅ ይበልጥ ይቀሰቅሰዋል፤ የቀኝ ጆሮ ወሬ በአብዛኛው የሚደርሰው ለግራው ክፍል ነውና። ዶልፊንና ዳክዬም በግማሽ አንጎል ይተኛሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ፣ አልጋና ራስ ላይ የሚለጠፍ ሽቦ አስፈልጓቸዋል። ከመገናኛ ካዛንቺስ ሚኒባስ ቢሳፈሩ ኖሮ በአንድ ጉዞ ሂሳብ ይገላገሉ ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ሰው አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ከንፈሩ ተከፍቶ፣ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ተደግፎ ይተኛል። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል ዓይኑ ሳይገለጥ እጁ ይዘረጋል። መልስ ሲጎድል ዓይኑ ይገለጣል። መውረጃው ሊደርስ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ቀና ብሎ «ወራጅ አለ» ይላል፤ ያለው ግራው ክፍል ነው፣ ቀኙ ገና እያንኮራፋ ነው። በሩም ረዳቱም በቀኝ በኩል መሆናቸው ከብራውን ግኝት ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። ተሳፋሪ ሀ በዚህ ዘዴ ለዓመታት ተኝታ አንድም ቀን ዑራኤልን አላለፈችም፤ አንድም ቀን ሳትከፍል አልወረደችም። በጋቢና ግን አትተኛም። ሾፌሩን መናቅ ነው ትላለች።

እንግዲህ ይህች ሴት ሰማይ ላይ ለምን አልተኛችም? መጀመሪያ የተጠረጠረው ቡናው ነው። የሽኝቱ ቡና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቷል። ካፌይን ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ከእሷ ጋር ተሳፍሯል። ነገር ግን ተሳፋሪ ሀ በሕይወቷ ሁሉ ከበረካ በኋላ ተኝታ ስለኖረች፣ ይህ መላምት ውድቅ ሆኗል።

ቀጥሎ አንገቷ ተመረመረ። ለጉዞው ሹሩባ ተሠርታ ስለነበር ራሷን ማስደገፍ አልፈለገችም። የጥንት ሰዎች ለዚህ መፍትሔ ነበራቸው፤ የተሠራ ጸጉር እንዳይበላሽ አንገት ሥር የሚደረግ የእንጨት ብርኩማ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ብዙ ዓይነቱን ሰብስቦ ያሳያል። ዛሬ አውሮፕላን ጣቢያ የሚሸጠው የአንገት ትራስ አየር የተነፋበት ብርኩማ መሆኑን ነግሬ አንድ ገዛሁላት። ጭና ሄደች፤ ዋሽንግተን ደርሳ ሕፃኑን አስደገፈችበት።

ምክንያቱ የተገኘው ጭኗ ላይ ነው። ከምትነሣበት ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ «አደራ» እያለ መጥቷል። ለዚያ ልጅ በርበሬ፣ ለዚህች ሽሮ፣ ለአንዱ የቤት ካርታ ኮፒ፣ ለአንዷ ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ። ከባዱ በሁለት ሻንጣ 23፣ 23 ኪሎ ተመዝኖ ተላከ። ጠበሉ በፍተሻው ከፈታሾች ጋር ረጅም ውይይት ካደረገ በኋላ ወደ ቤት ተመለሰ። ፖስታዎችና አንድ የወርቅ ቀለበት ግን በእጅ ቦርሳ ሆነው ጭኗ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳውን ላይኛው ሳጥን ላይ እንድታደርገው ገና ሳትነሣ ብንመክራት ክፉ እንዳወራ ሰው አየችን። ሚኒባስ ውስጥ ግራው ክፍል የሚጠብቀው ሂሳብና መውረጃ ነው፤ አደራ ሲጨመርበት ቀኙንም ይቀሰቅሰዋል። ስትመለስም ያው ነው፤ ቫይታሚን፣ ሁለት ስልክ፣ በአራት ቤተሰብ ስም የተጻፈ ፖስታ። ጋቢዋ አራት ድርብ ነበር፤ ቦርሳውን ሸፈነችበት።

ስለ ሰዓት ልዩነት አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ የግል ግኝቴ ስለሆነ መተው አልቻልኩም። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስለዚህ ተሳፋሪ ሀ የእጅ ሰዓቷን ሳትነካ ሄዳ የተሳሳተችው በአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በጥቅምት ማብቂያ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ሁለት ሆነ፤ «እነሱ ናቸው የተሳሳቱት» አለች። ሰዓቷ ይህን ያህል ቢስማማም እሷ ግን ለሁለት ሳምንት በእኩለ ሌሊት ተነሥታ ገንፎ ታገነፋ እንደነበር ልጇ ትመሰክራለች።

ስትመለስ ቦሌ የተቀበልናት እኛ ነን። የእጅ ቦርሳውን የወንድሟ ልጅ ተቀብሎ የመኪናው ኋላ ከሻንጣው ጋር ከተተው። መንገዳችን ወደ ገላን ጉራ ነበር፤ እሷ አሜሪካ ሳለች የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው የሰፈሩ ሰው ወደዚያ ተዛውሯል። በስልክ ተነግሯታል፤ ደጋግማም አስረድታናለች፣ አዲሱ ቤት ምን ያህል ክፍል እንዳለው ሳይቀር። ብቻ መጀመሪያ ዑራኤልን ልሳለም አለች። መኪናው ከአውሮፕላን ጣቢያው ሳይርቅ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ። ዑራኤል ስንደርስ ቀሰቀስናት፤ ተሳልማ ስትመለስ መልሳ ተኛች። ሾፌሩ መጨናነቁን ሽሽት በካዛንቺስ በኩል ዞረ።

ሃምሳ ሜትር ሲቀር ቀና አለች።

«ወራጅ አለ።»

ሾፌሩ የድሮ የታክሲ ሰው ነውና ሳያስበው ቀኙን ይዞ ቆመ። በመስኮቱ በኩል የቆርቆሮ አጥር ይታያል። ዓይኗ ገና አልተገለጠም፤ እጇ ጭኗ ላይ ቦርሳውን ይፈልጋል።