ለስድስት ሰው የሚበቃ ድንኳን

ነገሩን የጀመሩት ልጆቼ ናቸው። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አይተው መጡ፦ ነጭ ድንኳን፣ ድንኳኑ ውስጥ የተነጠፈ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ፣ ዙሪያውን የገና ዛፍ የሚመስል መብራት፣ በደጃፉ ደግሞ ባሕር። አባትየው በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ ቆሞ ዓሣ ይጠብሳል። ሚስቱ ትስቃለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ውሻቸው ሳይቀር ይስቃል።

«ግላምፒንግ ይባላል» አለችኝ የ12 ዓመቷ ልጄ፣ አዲስ ቃል ለአባቷ በምታስተምርበት ረጋ ያለ ድምፅ። «ካምፒንግ ነው፤ ግን የሚመች።» ሜዳ ላይ ማደር ነው ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ማደርህን እንዳታውቀው ተደርጎ።

የ7 ዓመቱ ታናሿ ከሁሉ የወደደው ባሕሩን ነው። ባሕር የለንም ብለው «በመኪና እንሂዳ!» አለኝ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ከመኪና በላይ መሆኑን ላስረዳው ጀምሬ መሐል ላይ ተውኩት። ለ7 ዓመት ልጅ ቀርቶ ለሽማግሌም የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

በባሕሩ ፈንታ ከፍታ ልሰጣቸው ወሰንኩ። 2011 ዓ.ም.፣ ኅዳር ወር ነው። የመረጥኩት የመንዝ ጓሳን ነው፤ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሳይደረስ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። ልብ በሉ፣ «ከባሕር ወለል በላይ» ይላል፤ ለልጁ ከዚህ የተሻለ ባሕር አላገኘሁለትም።

ድንኳኑን ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛሁ። ከረጢቱ ላይ «ለ6 ሰው» ይላል። እኛ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና አማቴ። አማቴ የመንዝ ተወላጅ ናቸው። «መሐል ሜዳ ደርሰን እንምጣ» ስላቸው አልቅሰው መረቁኝ። ድንኳን ስለሚባለው ነገር አላነሳሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። መኪናው ላይ ሲወጡ አንድ ትልቅ ጥቅል በነጠላ ቋጥረው ታቅፈው ነበር። «ዕቃ ቦታ ላይ ላስገባልዎት?» ብላቸው «ከኔ ጋር ይሁን» አሉ።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በላን። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው። ሌላ ከተማ ሲሚንቶ ሲፈጭ ይህ ከተማ ብርድ ልብስ ልሥራ ብሎ መነሳቱ ለመንገደኛ የሚናገረው ነገር ነበረው። አልሰማሁትም። ከኋላ የተጫኑትን አምስት ስሊፒንግ ባጎች እያሰብኩ በኩራት አለፍኩ። ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ወደ ግራ ታጠፍን፤ አስፋልቱ በዚያው ተሰናበተን፤ ከዚያ በኋላ ያለው አቧራና ነፋስ ነበር።

ጓሳ ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ቀለል ያለ ማረፊያ ቤት አለ፤ አማቴ በቀጥታ ወደ እሱ መራመድ ጀመሩ። «እዚያ አይደለም እማማ፤ እዚህ ነው» ብዬ ሜዳውን አሳየኋቸው። ሜዳውን አዩት። እኔን አዩኝ። የተጠቀለለውን ድንኳን አዩት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እንዴት እንደማስረዳቸው ግራ ገባኝና ወደ ታሪክ ሸሸሁ። ነገሥታቶቻችን እኮ እማማ፣ ጎንደር እስኪቆረቆር ድረስ አብዛኛውን ዘመን የኖሩት በድንኳን ነው አልኳቸው። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የንጉሥና የሠራዊት ሰፈር ማለት ነበር። አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ፣ በሺህ የሚቆጠረው ድንኳን አስደንቆት ጽፏል። ይኼ ግላምፒንግ የሚሉት ከኛው የተወሰደ ነው እስከ ማለት ደረስኩ።

አማቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ለነገሥታቱ ድንኳን የሚተክል ሎሌ ነበራቸው፤ ላንተ ማን አለህ?» አሉኝ።

ማንም አልነበረኝም። የጓሳ ነፋስ አፋር በረሃን ቁልቁል ከሚያየው ገደል አፋፍ ይነሳና ሜዳውን ያለ ከልካይ ይጋልበዋል። አንዱን ካስማ ስመታ ሌላው ይነቀላል። ባለቤቴ በአንድ ጥግ፣ ልጄ በሌላው ጥግ ተንጠልጥለው ድንኳኑ ሦስት ጊዜ እንደ ጃንጥላ ተገለበጠ። ሲቆም ግን ቆመ። ያን የገና መብራት ዙሪያውን አሰርኩለት፤ ውስጡን አየር የሚሞላ ፍራሽ ነፍቼ፣ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። ከወለሉ የሚመጣውን ቅዝቃዜ እንዲከላከል ደግሞ ከሥሩ ሣር ልጎዘጉዝ ብዬ ሁለት እፍኝ ነጨሁ።

«ጋሼ፣ ያን ሣር ይመልሱት» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

የጓሳ ጥበቃ ነው። ባና ተከናንቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል።

«የተነጨ ሣር ወዴት ይመለሳል?» አልኩት።

«አይመለስም። አትንጩ የምንለውም ለዚህ ነው።»

በዚያው ቆም ብሎ ነገረኝ። ጓሳ የሣሩ ስም ነው፤ አካባቢውም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያ ይሠራበታል። የአካባቢው ሰው በ17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ጀምሮ ሜዳውን በደንብ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሦስት ዓመትም፣ አምስት ዓመትም ዘግቶ፣ ሲከፈት በየድርሻው ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ኋላ ሰዉ እንደገና ተሰብስቦ አቋቋመውና በክልሉ ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። «በድሮው ጊዜ» አለ ጥበቃው ወደ ድንኳኔ እያየ፣ «ያለ ወራቱ በታጨደ ጓሳ ቤቱን የከደነ ሰው ጣራው ይቃጠልበት ነበር ይላሉ።» ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። የት እንደማስቀምጠው እንኳን አላወቅሁም።

ሲመሽ ሁለት ሴቶች አህያ እየነዱ በመንገዱ አለፉ። ድንኳኑን አይተው ቆሙ። መብራቱ ይብለጨለጫል፤ እኛ ደግሞ ፊታችን ጠቁሮ፣ ተኮራምተን፣ ዝም ብለን ተቀምጠናል። ግራ ገባቸው። «ቤቶች! እንኳን ደስ ያላችሁ ነው ወይስ ነፍስ ይማር?» አሉ።

«ገና አልለየለትም» አሉ አማቴ።

እራታችን ሩዝ ነበር። የጋዝ ምድጃ ይዘናል፣ ድስት ይዘናል፣ ቅመም ይዘናል። ያልያዝነው የአየር ግፊት ነው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 89 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳቱን ብትጨምሩ የሚያልቀው ጋዙ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከላይ አጥሚት፣ ከሥር ጠጠር የሆነ ነገር አወጣሁ። ልጆቹ ቀምሰው ማንኪያቸውን በትሕትና አስቀመጡ። አማቴ ያን ጊዜ ከቦርሳቸው የላስቲክ ከረጢት አወጡ፤ በሶ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በጨውና በሚጥሚጣ ለወሱት፣ በእጃቸው እየጨበጡ ለሁላችንም አደሉን። እሳትም ድስትም የማይፈልግ ምግብ ነው፤ ዘማች አገር ያቋረጠው በዚህ ነው። እኔ ከሁለት ጭብጦ በኋላ ሦስተኛ ስጠይቅ «ሩዙስ?» አሉኝ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተኛን። ብርዱን ልገልጸው አልችልም፤ ያደረገውን ብቻ ልንገራችሁ። የፍራሹ አየር እንደኛው በርዶት ኮመሸሸ። ትንፋሻችን የድንኳኑን ጣራ አርሶ በየተራ ግንባራችን ላይ ይንጠባጠባል። ከራስጌዬ ያስቀመጥኩት የውኃ ላስቲክ ስነካው አልፈስ አለ። ስሊፒንግ ባጉን የሸጠልኝ ሰው «ለብርድ ነው» ያለኝ የትኛውን ብርድ አስቦ እንደሆነ ሳሰላስል፣ የቦሌን መሆን አለበት አልኩ።

አማቴ ግን ያን ጥቅል ፈቱት። ባና ነው፤ የመንዝ በግ ጠጉር፣ ጥቁርና ቡናማ፣ ከባድ፣ በጉን በጉን የሚሸት። ሲዳሩ የተሰጣቸው መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። ተከናንበው ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ትንሹ ልጅ ተነስቶ ተንፏቀቀ፣ ባናው ሥር ገባ። 6 ሰዓት ላይ ትልቋ ሄደች። 7 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ «ልጆቹ ተገልጠው ይሆናል፣ ልያቸው» ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ከባናው ሥር የአራት ሰው ትንፋሽ እኩል ሲወጣና ሲገባ ይሰማኛል። እኔ ብቻዬን ለስድስት ሰው በተሠራ ድንኳን ውስጥ፣ አምስቱንም ስሊፒንግ ባግ በላዬ ላይ ቆልዬ እንቀጠቀጣለሁ። አንዱን ጫፍ ገለጥ አድርጌ እግሬን ብቻ ባስገባስ? ነገር ግን አማች ከአማቱ ጋር አንድ ባና ተከናንቦ አደረ የሚል ወሬ ከመንዝ እስከ መርካቶ ሲሄድ ታየኝ። በኛ አገር በብርድ የሞተ ሰው ይታዘንለታል፤ ይኼኛው ግን የሚታዘንለት አይሆንም።

8 ሰዓት ላይ ወጥቼ ወደ ጥበቃዎቹ ጎጆ ሄድኩ። ያ ሰውዬ ኩበት አንድዶ ተቀምጧል።

«ድንኳኑ ስንት ሰው ይይዛል?» አለኝ።

«ስድስት።»

«አሁን ስንት አለ?»

«አራት።»

«ታዲያ ስለምን ወጡ?»

ነገሩን ነገርኩት። አልሳቀም። «ልክ ነዎት» አለና ሁለተኛ ባና ከግድግዳው አውርዶ ጣለልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህ ሰው በየሌሊቱ በነፃ የሚያደርገውን ነው እኔ ገንዘብ ከፍዬ፣ ያውም አበላሽቼ፣ ላደርገው የመጣሁት። ቆሎ አቀረበልኝ። እስኪነጋ ስለ በግ ዋጋ አወራን።

ሲነጋ ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ወስጄ አቆምኳቸው፤ ከእግራችን በታች ደመናው ቆላውን ሁሉ ሞልቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ እስከ አድማስ ተኝቷል። «ይኸው ባሕርህ!» አልኩት ልጄን። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ንግግር ነበር።

«ይኼማ ጉም ነው» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ያየው ሌላ ነገር ነበር። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሥር ካደሩበት እየወጡ ነው፤ አንዱ ወንድ ልክ እንደ አማቴ ባና ተከናንቧል፣ የሱ ግን በተፈጥሮው ነው። ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር መንጨት ጀመሩ። (ለነሱ ተፈቅዷል።) በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ፣ ቀጭን፣ ረጅም እግር፣ ማንንም ሳያይ፣ ማንም ሳያየው ያልፋል። ጭላዳዎቹ አልደነገጡም። ጥበቃው እንዳወራኝ ቀበሮው የመጣው ለአይጥ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጓሳ ላይ የወጣ ጥናትም ቀበሮ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት ከመቶ 25፣ በጭላዳ መንጋ መሐል ሲሆን ግን 67 እንደሆነ ቆጥሯል። ልጁ ይህን ሰምቶ «ከሰው ጋር ሲሆን ይሻለዋል ማለት ነው» አለ። አባቱን አላየም ሲናገር፤ እናቱ ግን አየችኝ።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑን ጠቅልለን መሐል ሜዳ ገባን። አማቴ ከተማው ጫፍ ላይ ከመኪና ሲወርዱ አሥር ዓመት የቀነሱ መሰሉ። «ከዚህ ብርድ ያመለጥኩት በ17 ዓመቴ በጭነት መኪና ነበር» አሉ ዙሪያውን እያዩ፤ «አንተ ነዳጅ ቀድተህ መለስከኝ።» ቁጣ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየሁትም።

ገበያ ውስጥ ባና ወደሚሸጥበት ወሰዱኝ። በመንዝ ሴቶቹ ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። አማቴ አንዱን አንስተው ጫፉን በጥፍራቸው ጫሩት፣ ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጣሉት። ሌላ አነሱ። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ስድብ እንደሰሙ ሆነው ዞር አሉ። እኔ የተጠየቀውን ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ። ከግማሽ ሰዓት ክርክር በኋላ ሁለት ባና ገዛን። ሻጩ አዲስ አበቤ ይህን ሁሉ ምን እንደሚያደርገው ሲጠይቅ፣ አማቴ ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «አማቼ ነው፤ በርዶት ነው» አሉት። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳይጠየቅ ሌላ 20 ብር ቀነሰ።

እናንተም ወደ ጓሳ ለመሄድ ካሰባችሁ ድንኳኑ እኔ ጋ አለ፤ ለስድስት ሰው ነው፣ መብራቱም ይሠራል፣ በነፃ አውሳችኋለሁ። ባናውን ግን አላውስም።