ለመግባት አሥር ጣት፣ ለመውጣት የሰው አውራ ጣት

ለሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር
ሪያድ

ቁጥር፦ ሲስተም ስለሌለ አልተሰጠውም

ጉዳዩ፦ የወላይታን ልጅ በቤት ሠራተኝነት መቅጠር ለሚፈልጉ ዜጎቻችሁ መሟላት ያለባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ስለማሳወቅ

ክቡራን ሆይ፣

የምንጽፍላችሁ ከወላይታ ሶዶ ነው። ከተማችንን በስም ላታውቋት ትችላላችሁ፤ ማዕድ ቤታችሁ ግን ያውቃታል። ከዚህ ተነስተው ጅዳ፣ ሪያድና ደማም የገቡ ልጆቻችን ሩዛችሁን ይቀቅላሉ፣ ምንጣፋችሁን ይጠርጋሉ፣ ልጆቻችሁን አዝለው ያስተኛሉ። ስለዚህ በሩቅም ቢሆን ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ ደግሞ አልፎ አልፎ መነጋገር አለበት።

ስለ ጥንቃቄያችሁ ሳናመሰግን ወደ ጉዳያችን ብንገባ ነውር ይሆንብናል። እኛ ለወረቀት እንግዳ አይደለንም። ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመዛወር መሸኛ የምናጽፍ፣ ለመታወቂያ ምስክር ይዘን የምንሰለፍ፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ገባ ሲባል ነገ የምንመለስ ሕዝብ ነን። እንዲያም ሆኖ የእናንተን ያህል ሰውን ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ አበጥሮ የሚያስገባ አገር አላየንም። ልጅቷ ደሟ ይመረመራል፣ ሳንባዋ ራጅ ይነሳል፣ አለማርገዟ ይረጋገጣል። ጉበቷ ላይ ቫይረስ ከተገኘ «አንፊት» ተብላ ትመለሳለች። በኛው በኩል የብቃት ምዘናም አለ፤ ቫኪዩም ክሊነር እንዴት እንደሚያዝ፣ የልብስ ማጠቢያው የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን፣ መብራት ካለ በተግባር፣ ከሌለ በቃል። የኛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ 8ኛ ክፍል ጨርሳ ትምጣ ብሎ ነበር። የሰው ሽንት ቤት ለማጠብ ስምንት ዓመት ትምህርት! ለትምህርት ጥራት ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?

አሻራው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ማሽኑ የአንዳንዶቹን ልጆች ጣት አላነብም ይላል። እናቷ ሥር ተቀምጣ እንሰት ስትፍቅ ያደገች፣ ውኃ በጄሪካን ስትቀዳና እንጨት ስትሰብር የከረመች ልጅ የጣቷ መስመር ያልቃል። አሻራ የሚያነሳው ጎረምሳ በሶፍት ይጠርግላታል። «ጫን አድርጊ» ይላታል። ትጫናለች፤ ማሽኑ ቀይ ያበራል። «አውራ ጣትሽን። አይ፣ ሌላኛውን። ጫን!» እንደገና ቀይ። ከኋላ የተሰለፉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ እሷ ደግሞ ወንጀል እንደሠራች ሁሉ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። በስንት መከራ አረንጓዴው ይበራል። ክቡራን፣ ሥራ መቻሏን ለማወቅ የብቃት ወረቀት ከሚጠየቅ እነዚያን ጣቶች አንድ ጊዜ ብታዩዋቸው በበቃ ነበር።

ወጪውንም በአዋጁ መሠረት ተካፍለናል። ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን አሠሪው ይከፍላል። ፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውንና የልደት ሰርተፍኬቱን እሷ ትሸፍናለች። በ2016 መጨረሻ የመደበኛ ፓስፖርት ዋጋ ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ከፍ ብሏል፤ ለዚህ በግ ተሽጧል፣ ዕቁብ ተለምኗል። ለደላላ የሚከፈለው አዋጁ ውስጥ ስለሌለ እኛም እዚህ አልጻፍነውም።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ቅሬታ አለን ለማለት አይደለም። አገር ያለው ሰው በሩን ይጠብቃል። እኛም ዘንድ የካዎ አማዶ ኬላ እስከ ዛሬ አለ፤ ጠላት እንዳይገባ አባቶቻችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ የካቡት ነው። ብቻ ያ ኬላ የተካበው ሰው እንዳይገባ እንጂ የቤት ሠራተኛ እንዳትወጣ አልነበረም።

ወደ ጉዳዩ መጣን።

በመስከረም 2012 ለ49 አገሮች ዜጎች የቱሪስት ቪዛ በኢንተርኔት ከፈታችሁ። ኢትዮጵያ ከ49ኙ አልነበረችም፤ አልተቀየምንም፤ የኛ ልጆች ለጉብኝት ጊዜ የላቸውም። ያ ቱሪስት አልዑላን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሲበቃው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ውጣ የሚለው አያስፈልገውም። የኛይቱ ልጅ ግን የመጣችው በካፊል፣ ማለትም በአሠሪዋ ዋስትና ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማውን ያወጣላትም ያላወጣላትም እሱ፣ አገሯ ልግባ ስትል የመውጫ ቪዛ ኹሩጁን የሚጠይቅላትም እሱ ነው። ያውም ቢሮ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ሶፋው ላይ ጋለል ብሎ «አብሸር» የሚባለውን መተግበሪያ ከፍቶ በአውራ ጣቱ ይነካዋል። ካልነካው አትወጣም። ልጅቷ ለመግባት አሥር ጣቷን ሰጥታለች፤ ለመውጣት የሚያስፈልጋት አንድ ጣት ብቻ ነው፤ ችግሩ ጣቱ የሷ አይደለም።

በመጋቢት 2013 ሥራ ላይ ያዋላችሁትን ማሻሻያ ሰምተን እልል ልንል ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ከአገር መውጣት ይችላል አላችሁ። ጥሩ። ከዚያ ዝርዝሩን አነበብነው፤ የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሾፌር፣ አትክልተኛና እረኛ አይመለከታቸውም። ማለትም ከኛ ሰፈር የሄደ አንድም ሰው አይመለከተውም። በ2017 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ደንባችሁ ደግሞ አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት መያዝ እንደማይችልና የሥራ ሰዓቷ በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ይላል። ይህንንም አመስግነናል። መውጫ ለሌላት ሰው ፓስፖርቷ እጇ ላይ መሆኑ ቢያንስ ፎቶዋን እያየች ከስታ እንደሆነ ለማመሳከር ይረዳታል።

ከሥራዋ ከጠፋች «ሁሩብ» ትባላለች፤ ያን ጊዜ የሚታሰረው የጠፋችው እንጂ ያጠፋት አይደለም። ሚዛናችሁን አደነቅን።

መውጫ በር የላችሁም እንዳንል ደግሞ በ2006 ያየነው አለ። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ሕገወጥ ናቸው ያላችኋቸውን ማፈስ ስትጀምሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ቦሌ ላይ ወረዱ። ያኔ የካፊል አውራ ጣት የት ነበር? አብሸር ማን ነካ? ገሚሱ በነጠላ ጫማ፣ ገሚሱ ያላገኘውን ደመወዝ እያሰበ ነበር የመጣው። በ2014ም 100 ሺህ ያህል ሰው ለመመለስ ከመንግሥታችን ጋር ተስማምታችኋል። ከዚህ የተረዳነው መውጫችሁ ጠባብ አለመሆኑን ነው። እናንተ ስትፈልጉ አውሮፕላን ይሞላል፤ እሷ ስትፈልግ ነው ቁልፉ የሚጠፋው።

እንግዲህ ከጥንቃቄያችሁ ተምረን የራሳችንን ቅድመ ሁኔታ አዘጋጅተናል። የወላይታን ልጅ ለመቅጠር የሚፈልግ ዜጋችሁ በቅድሚያ ሶዶ በአካል ይመጣል። ትልልቅ እናቶች ያሉበት የምዘና ኮሚቴ አቋቁመናል። አባወራውና ማዳም አሥር ጣታቸውን ይሰጣሉ፤ የነሱ መስመር አላለቀም ብለን ስለምንገምት ማሽኑ አያስቸግርም። በነጭ ጀርባ ሁለት ፎቶ ያመጣሉ፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሌላው ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል። ኮሪደር፣ ዕቃ ቤትና የልብስ ማጠቢያው ጎን «አንፊት» ናቸው። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑ በፎቶው ላይ በግልጽ ይታይ።

የተግባር ፈተናው ቀላል ነው። ማዳም እንሰት ይቀርብላታል፤ ትፍቃለች። ሲመሽ እንድትተኛ እንፈቅድላትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቀስቅሰን ሻይ አፍይ እንላታለን፤ ፊቷ ከተቋጠረ ወድቃለች። አባወራው ደግሞ ለአንድ ወር ደመወዙ ይያዝበታል። በወሩ መጨረሻ «የት ትሄዳለህ፣ እኔ ጋ ተቀምጦልሃል» እንለዋለን። ያለፈ ሰርተፍኬት ይሰጠዋል፤ የወደቀ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ይመዘገባል፤ ሲስተም ካለ።

በቅጥር ድረ ገጻችሁ በ«ሙሳነድ» የቀጠረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ሠራተኛዋን ካልወደዳት ልክ እንደ ፍሪጅ መመለስ ይችላል መባሉን ሰምተናል። ደስ ይላል፤ እኛም እንጠቀምበት። ልጅቷ በ90 ቀን ውስጥ ቤቱን ካልወደደችው ትመልሰዋለች። ምትክ ቤት ይቀርብላታል፤ ለባከነው ጊዜም ካሳ ይከፈላታል። ዓመታዊውን ፈቃድ በተመለከተ ወላይታ በመስከረም ጊፋታ አለው፤ በጊፋታ ሰው ከዘመዱ ይሰበሰባል እንጂ የሰው ሰሃን አያጥብም። የጊፋታ ሰሞን ወጪዋ ተችሎ ትምጣ። መምጣት ካልተቻለ ዳጣው በጉምሩክ ሳይያዝ ይለፍላት፤ በርበሬው ቢያስነጥሳችሁ ኃላፊነቱን አንወስድም። ልጆቻችን አብዛኞቹ የወንጌላውያን አማኝ ልጆች ናቸው፤ እሑድ ዕረፍት ብትሰጧቸውም የሚሄዱበት አንድ ቤተ ክርስቲያን በአገራችሁ የለም። ይህንን ኮሚቴው ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት በይደር አቆይቶታል።

አንድ ቦታ ላይ ሽሙጡን እናቁም። ይህን ሁሉ ወረቀት ማሟላት ያልቻሉት በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ድንበራችሁ ይመጣሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ድንበር ጠባቂዎቻችሁ ከዚያ በፊት በነበሩት 15 ወራት ገደማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል፤ መንግሥታችሁ ሐሰት ነው ብሏል። ልጅቷ ከመግባቷ በፊት የምትጠየቀው ወረቀት በበዛ ቁጥር በዚያ መንገድ የሚሄደው ይበዛል፤ ይህን ለማወቅ 8ኛ ክፍል መጨረስ አያስፈልግም።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ኮሚቴውንም፣ የእንሰት ፈተናውንም፣ ፎቶውንም ከፈለጋችሁ ሰርዙት። የመጋቢት 2013ቱን ማሻሻያ አውጥታችሁ «የቤት ሠራተኛን አይመለከትም» የሚለውን መስመር ብቻ ሰርዙልን። ውሏን የጨረሰችም፣ ደመወዝ የተከለከለችም፣ እናቷ የሞተችባትም በራሷ ጣት ልትወጣ ትቻል።

ከሰላምታ ጋር
የሶዶ ወላጆች

ግልባጭ፦

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፤ በ2015 ግማሽ ሚሊዮን ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ ይላካል ሲባል ስለ መላኩ በየከተማው ማስታወቂያ ለጥፋችኋል። ስለ መመለሱ የሚለጠፍ ካለም ግድግዳ አለን።

ለደላላው፤ አድራሻህን ስለምናውቀው በእጅ ይደርስሃል።

ለተጓዧ ልጃችን፤ የሥራ ውሉን ኮፒ አስደርጊ፤ የአሠሪሽን ስም፣ ስልክና የምትሠሪበትን ከተማ ጻፊበት። አንዱ እናትሽ ጋ ይቀመጥ። ከመሄድሽ በፊት አድርጊው፤ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ስልክሽ ማን እጅ እንደሚሆን አይታወቅም።