ገለባ ነህ ወይ?

የሰቆጣ ነፋስ ቆርቆሮ ይገነጥላል፣ የገበያተኛ ጃንጥላ ይገለብጣል፣ ጋቢህን ከኋላ ነፍቶ ቁልቁለቱን ያስሮጥህና የተኳረፍከው ሰው ደረት ላይ ያሳርፍሃል። ይህ ሁሉ በነፃ ነው። ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ግን በነፋስ ለመውደቅ ገንዘብ ይከፈላል። ዊንድሰርፊንግ ይሉታል፦ ተንሳፋፊ ሰሌዳ፣ ወደፈለጉት የሚዘነበል ምሰሶ፣ ሸራ፣ ከዚያ ጸሎት። ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ ሲሰጥበት ኖሯል። የሚሸለመው የቆመ ነው፤ የወደቀን ያሰበ የለም።

መውደቁ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሠለጠኑት ክንዳቸው እንዳይዝል መንጠቆ ያለው ቀበቶ ታጥቀው ከሸራው መያዣ ጋር ይቆላለፋሉ። የሰሌዳው አፍንጫ ማዕበል ውስጥ ሲሰነቀር ሰሌዳው ቀጥ ይላል፤ ነፋሱ ግን መቆሙን አልሰማም። ሰውዬው ከነመንጠቆው ተሽቀንጥሮ ከፊት ለፊት ውኃው ላይ ይለጠፋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ ጠዋት ያባበለህ ከሰዓት በኋላ ይወረውርሃል። አየር ላይ ያለህባት ቅጽበት ግን፣ እውነቱን እናውራ፣ ከብዙ ሠርግ ትበልጣለች።

አሠልጣኞች «ስትወረወር መያዣውን አትልቀቅ» ይላሉ። የለቀቀ ሰው ይበርራል፣ ምሰሶም ያገኘዋል። በዚህ የሰቆጣን ሰው የሚያህል የለም፤ ጃንጥላው ብቻውን ከሚሄድ አብሮ መሄድን ይመርጣል። ከውኃ ስትወጣ አንድ እጅህን ከራስህ በላይ አድርግ፤ ሰሌዳው እላይ ይጠብቅሃል። ሸራው ከሸፈነህ በእጅህ ወደ ላይ ገፍተህ መተንፈሻ አበጅ። ሰሌዳውን ትተህ ወደ ዳር ልዋኝ እንዳትል፤ ታንኳህ እሱ ነው።

ሰቆጣ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ እንግዲህ የኛ ነፋስ በሳሳ አየር ቆርቆሮ ከገነጠለ ጉልበቱን ገምቱት።

ላንጋኖ ላይ ወድቄ ስመለስ ይህን ሁሉ አውድማ ዳር ለአንድ አዛውንት ተረክሁላቸው። ላይዳቸውን አቁመው አዳመጡኝና፣

«ልጄ፣ ነፋስ የሚወስደው ገለባ ነው። ፍሬ እዚያው ይወርዳል። ገለባ ነህ ወይ?»

«አባቴ፣ እኔም እኮ ወረድኩ!»

«ስንት ክንድ ርቀህ?»

ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ወደ ማዝራታቸው ተመለሱ።

ወጣቶቻችን «ላንጋኖ ድረስ ምን አስኬደን? የተከዜ ግድብ ውኃ አበርገሌና ዝቋላ ድረስ ተኝቶልን የለም ወይ?» ማለት ጀምረዋል። ውኃውስ አለ፤ ዓሣም ይሰገርበታል። ነገር ግን ተከዜ ከጥንት የአዞ አገር ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ መውደቅ ያማራችሁ ላንጋኖ ሂዱ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያችሁንም አጥብቃችሁ ልበሱ።