የስፖንጁ ነዋሪዎች

ከዕለታት አንድ ቀን፣ መቀሌ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው የእንዳ ኢየሱስ ግቢ አጠገብ ካለ ቤት፣ በመስታወት ገንዳ የሚኖሩ ዓሦች ነበሩ። በፓምፑ ሥር ባለው ስፖንጅ ውስጥ ደግሞ ዓይን የማያያቸው የባክቴሪያ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር።

ፊተኛው ቤተሰብ ከዓሦቹ ቆሻሻና ሳይበላ ከሚበሰብሰው መኖ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ቤተሰብ ተረክቦ እምብዛም የማይጎዳ ናይትሬት ያደርገዋል፤ እሱም ውሃው በከፊል ሲቀየር ይወጣል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ በቆመ ቁጥር እነዚህ ሠራተኞች ይታፈናሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም።

ዓሦቹ የሚያዩት ቡናማውን ዝቃጭ ብቻ ነው። ትልቁ ቀይ ዓሣ ጉባኤ ጠራና «ባማረ አገራችን መካከል ይህ ቆሻሻ እስከ መቼ ይቀመጣል? ይታጠብልን!» አለ። ሁሉም በጅራቱ አጨበጨበ።

አሮጌው ቀንድ አውጣ ብቻ ተቃወመ። «ልጆቼ፣ በ1888 ዓ.ም. ጥር ላይ ጣሊያኖች በዚሁ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ መሽገው ነበር። አዛዣቸው ሻለቃ ጋሊያኖ ግንቡን አጠንክሮ መድፉን ጠመደ። እቴጌ ጣይቱ ግን ከምሽጉ ውጪ ያለውን ምንጭ አስያዙበት። ግንቡ እንደቆመ፣ ጠላት በውሃ ጥም ለቅቆ ወጣ። እናንተም በምን እንደምትኖሩ ሳታውቁ እጃችሁን አታንሡ። እኔ በስፖንጁ ላይ ሳልፍ ነዋሪዎቹን እሰማቸዋለሁ፤ ሌሊት እንኳ አያርፉም።»

«አንተማ ውሎህ ከቆሻሻ ጋር ነው!» አለው ቀዩ ዓሣ።

የቤቱ እመቤት ልመናቸውን ሰማች። ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር ይዛ ነጭ እስኪሆን አጠበችው። የቧንቧው ክሎሪን ጀርም እንዲገድል የተጨመረ ነው፤ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ገንዳው እንደዚያ ቀን አብርቶ አያውቅም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ውሃው እንደጠራ ነው፤ አሞኒያ ቀለም የለውምና። የቀዩ ዓሣ ስንጥብ ግን ቀላ፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርስ ጀመር። ዓሦቹ እርስ በርስ ተካሰሱ። ገሚሱ በመኖው አሳበበ፤ ገሚሱ በቅርቡ የመጣችውን ትንሽ ዓሣ «መዘዙን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ» አላት። ቀድማ የሞተችውም እሷ ነበረች። ጠራ ያሉትን ውሃ የጠረጠረ አልተገኘም።

ያን ጊዜ ወደ ቀንድ አውጣው ሄዱ። «አባ፣ ምን ይሻለናል?»

«መኖ ይቀነስ። ውሃው በከፊል ይቀየር፤ የሚጨመረው በባልዲ አድሮ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ከጎረቤት ገንዳም ያልታጠበ አሮጌ ስፖንጅ ይለመን።»

እመቤቲቱ እንደተባለው አደረገች። በጎረቤት ስፖንጅ የመጡት ጥቂቶች እስኪበዙ ግን ሳምንታት ፈጀ፤ በዚያ መካከል ሌሎችም ዓሦች ሞቱ።

የተረፉት ሲሰበሰቡ ቀዩ ዓሣ «ለስፖንጁ ነዋሪዎች ሐውልት እናቁምላቸው» አለ።

«ሐውልት ምን ያደርግላቸዋል?» አለ ቀንድ አውጣው። «ከሆዳችሁ በላይ መኖ አትለምኑ። ስፖንጁ ሲደፈን ከዚሁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ይለቅለቅ። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ጩኹላቸው።»

በዚያው ሌሊት መብራት ጠፋ። መጀመሪያ የጮኸው ቀዩ ዓሣ ነበር።