«የመጀመሪያው አልበማቸው ይሻላል» የሚለው ፍጡር

የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ በብዛት የሚታየው በሸክላ መሸጫ ሱቅ፣ በኮንሰርት አዳራሽ የኋላ ጥግ እና አስተያየቱን ማንም ባልጠየቀበት ጨዋታ መሀል ነው። ቆዳው ጥቁር ካናቴራ ነው። ጀርባው ላይ አንድ ባንድ ከሠላሳ ዓመት በፊት የዞረባቸው ከተሞች ከነቀናቸው ተጽፈዋል፤ ካናቴራው ታጥቦ ታጥቦ ፊደሉ በለቀቀ ቁጥር የባለቤቱ ማዕረግ ይጨምራል። ዋነኛ ድምፁ «የመጀመሪያው አልበማቸው ይሻላል» የሚል ሲሆን፣ አልበሙን ያልሰማ ሰው ሲያጋጥመው ጎላ ይላል።

ስለ ፍጡሩ ጠባይ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሃይማኖቱ ግን እምብዛም። በእሱ ሃይማኖት ሰይጣን አንድ ነው፤ እሱም አሳታሚው ኩባንያ ነው። ሙዚቀኛውን የሚያባልግ፣ ጊታሩን የሚያለዝብ፣ ዋጋውን የሚሰቅል ኩባንያው ነው። የዚህ ጥናት ችግርም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኩባንያዎቹን የፍርድ ቤት ክስ ከአፍቃሪው የዘወትር እሮሮ ጋር አስተያይቶ ያነበበ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አፍቃሪው ራሱ የሚቆጥረው «ባንዱ ሆድ አደር ሳይሆን» እና «ሆድ አደር ከሆነ በኋላ» እያለ ነው።)

መለወጥን እንውሰድ። ሜይ 17 ቀን 1966 ማንችስተር፣ ፍሪ ትሬድ ሆል ውስጥ ቦብ ዲላን አኩስቲክ ጊታሩን አስቀምጦ የኤሌክትሪኩን ይዞ ሲጫወት፣ ከታዳሚው መሀል አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። የምሽቱ ቅጂ ለዓመታት በስርቆሽ ሲሸጥ ኖረ፤ ያውም ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል የተቀዳ ነው እየተባለ በስሕተት። በ1998 ኩባንያው ራሱ በይፋ አሳተመው። የተሳሳተውን የአዳራሽ ስምም በትምህርተ ጥቅስ ከትቶ ሽፋኑ ላይ አቆየው፤ ደንበኛ የለመደው ስም ነዋ። ስድቡም አልተቆረጠም። የፊተኛው ይሁዳ ሠላሳ ብሩን ወዲያው ነው የተቀበለው፤ የዚህኛው ሒሳብ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ከፋዩም አፍቃሪው ራሱ ሆነ።

በለውጥ መቆጣት የአፍቃሪ ጠባይ ብቻ ነው ብለን እንዳንደመድም ግን የኔይል ያንግ መዝገብ አለ። ጌፈን ሪከርድስ ካስፈረመው በኋላ ያንግ «ትራንስ»ን አወጣ፤ ድምፁ በማሽን አልፎ እንደ ሮቦት የሚሰማበት አልበም ነው። ቀጥሎ የካንትሪ ሥራ ይዞ ሲመጣ ኩባንያው አልቀበልም፣ ሮክ ኤንድ ሮል አምጣ አለው። ያንግ ታዛዥ ሰው ነው። በ1983 ሮክ ኤንድ ሮል አመጣ፤ የ1950ዎቹን፣ ጸጉር በቅባት የሚለጠፍበትን ዘመን ሮክ ኤንድ ሮል፣ ከዳር እስከ ዳር 25 ደቂቃ የማይሞላ። ኩባንያው በዚያው ዓመት 3.3 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰው። የክሱ ጭብጥ ሲጨመቅ «ኔይል ያንግ ኔይል ያንግን አይመስልም» የሚል ነበር። አፍቃሪ ይህንኑ ሁለት ቢራ ጠጥቶ በነፃ ይናገረዋል፤ ኩባንያው ጠበቃ አቆመለት። ያንግ በበኩሉ 21 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ፤ ኋላ ግን ነገሩ በዕርቅ አለቀ።

ራስን መምሰልስ? ጆን ፎገርቲ በክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል ዘመን፣ በ1970፣ «ረን ስሩ ዘ ጀንግል»ን ሠራ፤ የዘፈኑ መብት በፋንታሲ ሪከርድስ እጅ ቀረ። ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ በ1985 «ዚ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ»ን ይዞ ብቅ ሲል፣ ፋንታሲ አዲሱ ዘፈን የድሮውን ይመስላል ብሎ ከሰሰው። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱንም የሠራው አንድ ሰው ነው። በ1988 ፎገርቲ ጊታሩን ተሸክሞ ሳንፍራንሲስኮ ችሎት ቀረበ፤ ምስክር መስጫው ላይ ተቀምጦም ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ እየተጫወተ አስረዳ። ጁሪው ከራሱ አልሰረቀም ብሎ ፈረደለት። የጠበቃውን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ግን እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ፤ በ1994 እዚያም ቀናው።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ሙዚቀኛ ራሱን መምሰል አለበት፤ ራሱን መምሰል የለበትም። መጠኑ ስንት እንደሆነ ኩባንያውም አፍቃሪውም ተናግረው አያውቁም፤ የሚታወቀው ሲያልፍ ብቻ ነው። ለኤሲ/ዲሲ ልዩ ፈቃድ የተሰጠ ይመስላል፤ ያንኑ አልበም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ በማውጣቱ የሚመሰገን ሌላ ባንድ ጸሐፊው አላጋጠመውም።

ሜታሊካ ለብቻው ምዕራፍ ይገባው ነበር። በ1982 ስሙ የተሰማው የሙከራ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ ነው፤ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ካሴት ያስቀዳ አዲስ አበቤ አሠራሩ ሳይነገረው ይገባዋል። በ2000 ያው ባንድ ናፕስተርን ከሰሰ፤ ዘፈኖቹን በኢንተርኔት የተቀባበሉ ከ300 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎችን ስምም በወረቀት አሳትሞ፣ በካርቶን አስጭኖ ድርጅቱ ደጅ አደረሰ። በዝርያው ዘንድ ግን ከዚህ ይልቅ ቂም ያስያዘው አባላቱ በ1996 ጸጉራቸውን ተቆርጠው መታየታቸው ይመስላል።

የጆሮን ነገር በዝርዝር ማየት ይገባል። ቡና በሸክላ ጀበና ካልተፈላ አይጥምም እንደሚል ሰው፣ አፍቃሪውም ሙዚቃ በሸክላ ካልሆነ አይሞቅም ይላል። አማርኛችን «ሸክላ» ማለቱን ባያስተውለው ነው እንጂ ደስ ይለው ነበር፤ ዕቃው ፕላስቲክ መሆኑን ባናነሣበት። በ1982 ሲዲ ሲመጣ ሸክላውን ሸጦ ሲዲ ገዛ። ድምፁ ጸዳ ሲባል ያንኑ ሲዲ ደግሞ ገዛ። ከዚያም ሲዲውን ሸጦ ሸክላ ገዛ፤ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ በብዛት ሲዲን በለጠ፤ 41 ሚሊዮን ለ33 ሚሊዮን። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በ1973 ወጥቶ፣ በ2003 ለሠላሳኛ፣ በ2023 ለሃምሳኛ ዓመቱ እንደገና ለገበያ ቀርቧል። አፍቃሪው በየጊዜው የኩባንያውን ስግብግብነት አውግዞ ሰልፍ ይይዛል።

ሞባይል ፊዴሊቲ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ደግሞ ዲጂታል ያልነካው ሸክላ እየተባለ በሚታመንለት ሥራው ይታወቅ ነበር፤ ከሸክላዎቹ አንዳንዱ 125 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2022 የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» በ40 ሺህ ቅጂ ላሳትም ነው አለ። ሰዎች መቁጠር ጀመሩ። ለዚህ ሁሉ ቅጂ ማስተር ቴፑ ስንት ጊዜ ሊጫወት ነው? መጠየቁ ሲበዛ የኩባንያው ኢንጂነሮች አመኑ፤ ከ2011 ጀምሮ በሥራው መሀል ዲጂታል ቅጂ ነበረበት። የዲጂታልን ቅዝቃዜ በአንድ ኖታ እለያለሁ የሚለው ጆሮ ሁሉ ለዓመታት ሰምቶ፣ አጣጥሞ፣ ሞቅታውን አመስግኖ ነበር። ምስጢሩ የወጣው በጆሮ ሳይሆን በማባዛትና በማካፈል ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ኩባንያው ለገዢዎች ገንዘብ ለመመለስ ተስማማ።

የቀረው ስንብት ነው። ኪስ የተባለው ባንድ የስንብት ጉዞ የጀመረው በ2000 ነው፤ ሁለተኛውን ስንብት በ2019 ጀምሮ በዲሴምበር 2023 ኒውዮርክ ላይ ፈጸመ። በመሀሉ የባንዱ ሥዕል ያለበት የሬሳ ሣጥን ለገበያ አቅርቧል። ኦዚ ኦዝቦርን በ1992 «ከእንግዲህ ጉዞ የለም» የሚል ስም ሰጥቶ ዞረ፤ በ2018 ደግሞ «ከእንግዲህ ጉዞ የለም ቁጥር ሁለት» ብሎ ዞረ። ከሁሉም የጠነከረው የሞትሊ ክሩ ነው። በ2014 የባንዱ አባላት ከ2015 በኋላ በዚህ ስም ላይዞሩ ውል ፈረሙ፤ በ2019 ውሉን በቪዲዮ በፈንጂ ሲያጋዩት አሳዩ። በ2022 የአሜሪካን ስታዲየሞች ዞሩ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ። ካናቴራው ለብቻው ይከፈላል።