60 ቆርቆሮ ገብቶ 30 የወጣ ቤት

(እብናት፤ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ፎቶ ኮፒ የተጨናነቁባት አንዲት ጠባብ ቤት። የመታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ገብቼ መብራት ሄደብኝ፤ እስኪመጣ ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቷ ትዕግስት የቤት ፕላን ትሠራለች። ላፕቶፗ በባትሪ ነቅታለች፣ ማተሚያው ግን ተኝቷል። አያ ስማቸው ገቡ፤ ከኋላቸው ግንበኛው ዋሴ፣ ጫማው አፈር እንደለበሰ።)

አያ ስማቸው፦ ትዕግስት፣ ግማሽ ቤቴን መልሽ!

ትዕግስት፦ እንዴት ዋሉ አያ ስማቸው? ይቀመጡ እንጂ። የምን ግማሽ ቤት?

አያ ስማቸው፦ አልቀመጥም። ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ብዬ አይደል ያዘዝኩሽ? ዛሬ ጧት ይኼ ሰውዬ ችካሉን ተክሎ፣ ሲባጎውን ወጥሮ ስናየው ባለቤቴ ምን አለች መሰለሽ? «የዶሮዎቹ ቤት መጀመሩ ደግ ነው፤ የእኛውስ የት ሊሆን ነው?»

ዋሴ፦ እኔ ምን አጠፋሁ? ወረቀቱ ያለኝን ነው የተከልኩ። ማስመሪያዬን አሳረፍኩ፤ የፊቱ ወርድ 8 ሳንቲ ተኩል። ግርጌው ላይ «ስኬል 1 ለ 100» ይላል። አንዱ ሳንቲ አንድ ሜትር ነዋ! 8 ሜትር ተኩል ለካሁ፣ ችካል መታሁ።

ትዕግስት፦ 12 ሜትር እኮ ነው! ጎኑ 7። ጋሽ ዋሴ፣ ልኬቱ በቁጥር ተጽፎ ሳለ ሥዕል በማስመሪያ ይለካል?

ዋሴ፦ የት አለ ቁጥሩ? እስቲ አሳይኝ።

(ትዕግስት ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ቁጥር የሚባል የለም።)

ትዕግስት፦ በቢጫ ነበር የጻፍኩት።

አያ ስማቸው፦ በቢጫ?

ትዕግስት፦ ኮምፒውተሩ ላይ መደቡ ጥቁር ነው፤ ቢጫ እዚያ እንደ አደይ አበባ ያበራል። ሲታተም ሁሉም ጥቁር ሆኖ ይውጣ ብዬ ማዘዝ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ነጭ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ወጣ፤ ኮፒ ሲደረግ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። ይቺ የኔ ጥፋት ናት። ግን ይኼ ወረቀት የኔ አይደለም። እኔ ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ያሳተምኩት በትልቁ፣ በኤ3 ነው። ይኼ ኤ4 ነው።

አያ ስማቸው፦ ዋናውማ ከይዞታ ደብተሬ ጋር ሣጥን ውስጥ ነው! ያን ያህል ብር የወጣበትን ለጭቃ ልስጠው? ለዋሴ ኮፒ አስደረግሁለት።

ትዕግስት፦ የት?

አያ ስማቸው፦ እዚሁ ነዋ። አንቺ አልነበርሽም፤ ወንድምሽ ነው የሠራልኝ። «ወረቀቱ አይበቃውም፣ ላሳንሰው አባባ?» አለኝ። «አሳንሰው፣ ዋጋውንም አብረህ» አልኩት።

(ወንድሟ ጥግ ላይ ስልኩን ይነካካ ነበር። አሁን ስልኩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።)

ትዕግስት፦ 71 በመቶዋን ተጫንካት?

ወንድሟ፦ ማሽኑ ራሱ ነው ያመጣት።

(ልጁ አልዋሸም። ኤ3 ከመሐሉ ቢታጠፍ ኤ4 ነው፤ ማሽኑም ይህን ስለሚያውቅ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲገለብጥ 71 በመቶን ራሱ ያቀርባል። ለደብዳቤ ቢሆን መልካም አሳቢነት ነበር።)

ትዕግስት፦ አያ ስማቸው፣ እያንዳንዱ ሜትር 71 ሳንቲ ሆነ ማለት ነው። ወርዱም ጎኑም ስለተሰበሰበ፣ ስፋቱ እኩሌታው ነው የቀረው።

አያ ስማቸው፦ (በጣታቸው ቆጥረው) 30 ቆርቆሮ።

ትዕግስት፦ 30።

አያ ስማቸው፦ እሺ፣ ቤቱ ተሰበሰበ። ጽሑፉስ ለምን አብሮ አልተሰበሰበም? አሁንም «1 ለ 100» ነው የሚለው።

ትዕግስት፦ እውነተኛው 1 ለ 141 ገደማ ነው። ግን ፊደሉ ቢያንስም ቁጥሩ ያው ነው። መቶ ቢደቅም መቶ ነው።

ዋሴ፦ እንደ ጡረተኛ ሻለቃ በለኛ! ጦሩ የለም፣ ማዕረጉ አለ።

ትዕግስት፦ ለዚህ እኮ ነው ከቁጥሩ ጎን ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀባትን መስመር የማስቀምጠው። እሷ አብራ ትሰበሰባለች። 10 ሜትር የምትለው ርዝመቷ በዋናው ላይ 10 ሳንቲ ነው፤ እዚህ ላይ 7 ሳንቲ ሆናለች። በእሷ ለክተው ቢሆን ቤቱ በልኩ ይመጣ ነበር።

ዋሴ፦ በእሷ? የነጠላ ጥለት መስላኝ ነበር እኮ።

(እኔም ጌጥ ትመስለኝ ነበር፤ ዝም አልኩ እንጂ።)

አያ ስማቸው፦ ከመጀመሪያውም ይኼ ኮምፒውተርሽ ቤቴን አይወደውም። የመጀመሪያ ቀን የሰጠሽኝን ረሳሽው? ባዶ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ የዝንብ ኩስ!

ትዕግስት፦ እሱ ቤትዎ ነበር።

አያ ስማቸው፦ በስመ አብ!

ትዕግስት፦ ቤቱን የሣልኩት በሜትር ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚቆጥረው በሚሊ ሜትር ነው። እኔ 12 ስል እሱ 12 ሚሊ ሜትር መሰለው። ከዝርዝሩ 1 ለ 100 የምትለዋን ስመርጥ ያችኑ ለመቶ አካፈላት። የ12 ሜትር ቤት አንድ ፀጉር አከለ። ለካስ ማለት የነበረብኝ «አንዱን ሜትር 10 ሚሊ ሜትር አድርገህ አሳይ» ነው፤ ሺን ለመቶ አካፍሎ 10።

አያ ስማቸው፦ ታዲያ ከመጀመሪያው አሳንሰሽ አትሥይውም? ምን አዙሮ ያዞርሻል?

ትዕግስት፦ (ላፕቶፗን ወደ እሳቸው አዙራ) ይኸውልዎ፣ ይኼ ጥቁሩ ሞዴል ይባላል። ሜዳ ይበሉት። ሜዳው ላይ ቤቱ በሙሉ ቁመናው ቆሟል፤ 12 ሜትሩ 12 ነው። ከእብናት አዲስ ዘመን ያለውን መንገድ እንዳለ ልዘርጋበት ብል እንኳ አይጠብም። ይኼ ነጩ ደግሞ ላይአውት፣ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ቤት አይሣልም፤ መስኮት ነው የሚቀደድበት። በመስኮቱ አሻግረው ሜዳው ላይ ያለውን ቤት ያዩታል። ስኬል ማለት ከምን ያህል ርቀት እንዳዩት ነው።

አያ ስማቸው፦ ስንት መስኮት ቀደድሽ?

ትዕግስት፦ ሦስት። በአንዱ ፕላኑ ይታያል፣ በአንዱ የፊቱ ገጽ፣ በሦስተኛው ሴክሽኑ፤ ቤቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ ማለት ነው።

አያ ስማቸው፦ እኔ ያዘዝኩት አራት ነው! ሁለት በፊት፣ ሁለት በጎን!

ትዕግስት፦ ያ የቤቱ መስኮት ነው፤ ይኼ የወረቀቱ። ቪውፖርት ነው ስሙ።

አያ ስማቸው፦ ስሙን ተይው፣ አራተኛውን ጨምሪ። ደግሞ ይቺ ምንድን ናት፣ ቁልፍ?

ትዕግስት፦ መስኮቱን ቆልፌዋለሁ።

አያ ስማቸው፦ ገና መሠረቱ ያልወጣ ቤት? ምኑ ሊሰረቅ?

ትዕግስት፦ ስኬሉ። ይኼ ልጅ አንድ ቀን የማውሱን ጎማ በጣቱ ዞር ቢያደርጋት ቤቱ ቀረብ ብሎ 1 ለ 93 ሆነ። በዓይን አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ስኬሉን በሰጠሁ ቁጥር እቆልፋለሁ።

አያ ስማቸው፦ ስኬልሽን ካነሣሽው አይቀር፣ ጎረቤቴ 1 ለ 200 ነው የተሠራለት። እኔ ከሱ በምን አንሼ ነው 100 የምትሰጪኝ?

ትዕግስት፦ 1 ለ 200 እኮ ያንሳል።

አያ ስማቸው፦ 200 ከ100 ያንሳል? ይኼንን ነው ያስተማሩሽ?

ዋሴ፦ አያ ስማቸው፣ አንድ በግ ለ100 ሰው ቢታረድና አንድ በግ ለ200 ሰው ቢታረድ፣ ከየቱ ድግስ ነው የሚጠሩ?

(ረጅም ዝምታ።)

አያ ስማቸው፦ እንግዲያው 1 ለ 50 አድርጊልኝ።

ትዕግስት፦ ለበሩ ዝርዝር እሱን እሠራለሁ። ግን ሥዕሉ እንጂ ቤቱ አያድግም።

አያ ስማቸው፦ እሱ መች ጠፋኝ? ቢሮ ሲቀርብ ደልደል ያለ ይምሰል ብዬ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አላየሽም? እመቤታችን ትልቅ ሆና ትሣላለች፤ ሥዕሉን ያሣለው ባላባት ከእግሯ ሥር አንድ ስንዝር ሆኖ ይደፋል። እንዲያ ነው ስኬል! እንደየክብሩ!

ዋሴ፦ በዚያ ስኬልማ ቢሆን ፕላን የሚያጸድቀው ሰውዬ ጠረጴዛ ከእርስዎ ቤት በበለጠ። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ ነው ይባላል። በዚህ ልጅ ኮፒ አሠርተውት ቢሆን ኖሮ፣ በ1860 መቅደላ አፋፍ ላይ የወጣው ሽጉጥ ነበር።

ወንድሟ፦ እንዴ! አንዴ ነው እኮ የተሳሳትኩ!

ትዕግስት፦ ቆይ፣ ቆይ። ማኅተም ያረፈበት፣ የጸደቀው የቱ ነው?

(አያ ስማቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ኤ4።)

ትዕግስት፦ ይኼም ኮፒ ነው!

አያ ስማቸው፦ «ዋናውን ያዙ፣ ኮፒ ይስጡኝ፤ ኮፒውም ፋይሌ ውስጥ የሚገባ ይሁን» አለኝ የቢሮው ሰውዬ። ሰጠሁት። «ስኬል ተጽፎበታል?» አለ። «ተጽፎበታል።» መታው።

ትዕግስት፦ አልለካውም? ማስመሪያ የለውም?

አያ ስማቸው፦ ማስመሪያማ አለው። የመዝገቡን መስመር ያሰምርበታል።

ዋሴ፦ (ወረቀቱን ተቀብሎ እያገላበጠ) እዚህ ላይ በልኩ ያረፈው ማኅተሙ ብቻ ነው።

(ዋሴ ይህን ሲል አልሳቀም። ግንበኛ ነው፤ የሚያስበው ነገ ጧት ስለሚመታው ችካል ነው።)

ዋሴ፦ እንግዲህ ያለነው በሁለት እሳት መሐል ነው። የሕንፃ አዋጁ ፕላን ሳታስጸድቅ አትሥራ ይላል። 12 ሜትሩን ብሠራ ያልጸደቀ መኖሪያ ቤት ሠራሁ፤ 8 ተኩሉን ብሠራ የጸደቀ የዶሮ ቤት። የቱን ልሥራ?

ትዕግስት፦ ተረጋጉ። ሜዳው ላይ ያለውን ቤት አልነካውም፤ እሱ ያው ነው። አዲስ ላይአውት እከፍታለሁ፣ ወረቀቱን ኤ4 እለዋለሁ። 12 በ7 የሆነ ቤት በ1 ለ 100 ሲሆን 12 በ7 ሳንቲ ነው፤ ኤ4 ላይ ተንደላቆ ይገባል። ኤ3 ያስፈለገው ሦስቱን መስኮት አንድ ወረቀት ላይ ስላደረግኋቸው ነበር። አሁን ለየብቻ፣ በሦስት ወረቀት። ፋይሉም ይዘጋል፣ ማንም ማሳነስ አያስፈልገውም። ቁጥሩንም ጥቁር አደርገዋለሁ።

አያ ስማቸው፦ የማተሚያው ዋጋም በሦስት ሊባዛ?

ትዕግስት፦ በሦስት።

አያ ስማቸው፦ እኔን የጎዳኝ ቤት መሥራቱ አይደለም፤ ቤት ማሳተሙ ነው።

(ከጎረቤት ቡና መጣልን። ሁለተኛውን ስኒ ስንይዝ መብራት መጣ፤ ማተሚያው አጓርቶ ተነሣ። ወንድሟ ሊክስ ብሎ ይሁን ተቻኩሎ፣ ትዕግስት ፍላሹን ገና ስታቀብለው ፒዲኤፉን ከፍቶ አተመው። ሦስት ወረቀት ወጣ፤ ቁጥሮቹ ጥቁር፣ መስመሮቹ ጥርት ያሉ። ሁላችንም ደስ አለን።)

ትዕግስት፦ ጋሽ ዋሴ፣ እስቲ ማስመሪያውን ያችን ጥለት ላይ ያሳርፉት። 10 ሳንቲ መሆን አለባት።

ዋሴ፦ (ዓይኑን አጥብቦ) 9 ነጥብ 7።

ትዕግስት፦ (ወደ ወንድሟ ዞራ) ፊት ቱ ፔፐር ብለኸዋል!

አያ ስማቸው፦ የማን ፊት?

ትዕግስት፦ ማተሚያው «ከወረቀቱ ጠርዝ ላብቃቃልህ?» ብሎ ሲጠይቀው እሺ አለው። መቶ በመቶ በል ነበር ማለት።

አያ ስማቸው፦ አሁን ስንት ቆርቆሮ ሄደ?

ትዕግስት፦ (ስልኳ ላይ አስልታ) ሦስት ተኩል ገደማ።

አያ ስማቸው፦ ሦስት ተኩል። (ስኒውን አስቀምጠው ወደ ዋሴ ዞሩ) ስማ፣ ጧት የመታሃቸውን ችካሎች እንዳትነቅላቸው። ማኅተም ያለው የዶሮ ቤት እብናት ውስጥ ከእኔ በቀር ማን አለው? ይቺን ሦስት ተኩል ለሱ መጀመሪያ አድርጋት።