ጶት

ስድስት ኪሎ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ዕድሜዬ የሄደው። ፍሬሽማን ይመጣል፣ ፍሬሽማን ይሄዳል፣ እኔ «ስፖርት እንጂ እስፖርት አይደለም» እያልኩ እዚያው እቀራለሁ። በልጆቹ አልፈርድም። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ቢማሩትም፣ አምና «ብርሃን አስተፃምሮ» ያለ ልጅ ዘንድሮ ሙሉውን ባዮሎጂ በፈረንጅ አፍ ሲጫንበት ዓይኑ ይፈጣል። እኔ ደግሞ ያን ልጅ ተቀብዬ በ«ስ» እና በ«እስ» አስጨንቀዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ የቀጨኔ ልጅ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ፣ «መምህር፣ እናቴ ሸክላ ለፈረንጅ ትሸጣለች። ሁለት ሦስት ቃል ቢያስጨብጧት?» አለኝ። ኩራት ቢጤ ሽው አለብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ፣ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። በዚያ ጭቃ ኮት ምን ሊረባኝ እንደነበር እንጃ።

እናቱ የጀበና አንገት እየቀጠሉ አገኘኋቸው። የሚሽከረከር ነገር የለም፤ እጅ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ለመወልወያ አንዲት ልሙጥ ድንጋይ። ዝናቡ ስላላስወጣቸው የተሠራው ሁሉ ግድግዳ ሥር ተደርድሯል።

«እማማ፣ ይህ ፖት ይባላል» አልኩ ጀበናውን እያሳየሁ።

«ድስቱስ?»

«እሱም ፖት።»

«እንስራውስ?»

ትንሽ አሰብኩ። «ፖት ብንለው ያስኬዳል።»

«ውይ፣ ምነው ቃል አጠራቸው?»

አልፌው ወደ ድምፁ ገባሁ። ክፍል ውስጥ የምመካበት ዘዴ አለኝ፦ ቀጭን ወረቀት አፍ ፊት ይያዛል። እንግሊዞች «ፖት» ሲሉ ትንፋሽ ቡፍ ስለሚል ወረቀቱ ይርገበገባል። የእኛ «ጰ» ግን ጉሮሮን ዘግቶ የሚፈነዳ ነውና ብዙም አይነካው። እማማ ወረቀቱን በጭቃ ጣታቸው ያዙና በጰራቅሊጦሱ «ጰ»፣ «ጶት!» አሉ። ወረቀቱ ፀጥ።

«እንደገና።»

«ጶት!»

«ትንፋሽ ይጨምሩበት።»

ወረቀቱን አስቀመጡት። «መምህር፣ ፈረንጆቹ 'ከቸኔ፣ ከቸኔ' ሲሉን ነው የሚውሉት። አንድም ቀን ወረቀት ይዤባቸው አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። «ቀ» እና «ጨ» ሁለቱም ከዚያው ከ«ጰ» ወገን ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የሉም። የሰፈሩን ስም በትክክል የሚጠራ ፈረንጅ ጓደኛ እኔም ኖሮኝ አያውቅም፤ እንዲህ ብሎ ማረም ግን ትዝ ብሎኝም አያውቅ። መልስ ሳጣ የማደርገውን አደረግሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ እየሄድኩ ማሳየት ጀመርኩ። «ፖት! ፖት!» ሦስተኛው ላይ እግሬ ሸተት አለና ከነኮቴ ጀበናዎቹ ላይ ዘፍ!

እርጥብ ጀበና ሲሰበር ድምፅ የለውም። ከሥሬ ቀዝቀዝ ብሎ ሲጨፈለቅ ብቻ ተሰማኝ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«አይዞዎት፣ ገና አልተተኮሰም» አሉ እማማ፣ ከሱሪዬ ላይ ጭቃውን እየፋቁ ወደ ገበታው ሲመልሱ። «ተቦክቶ እንደገና ይሠራል።»

እኔ ግን ካልከፈልኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ስንት ነው ስል እጃቸውን ጠራርገው ቀና አሉ።

«ስሪ ሀንድረድ።»

«ቱ ሀንድረድ» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

«ኖ ኖ ማይ ፍሬንድ። ላስት ጵራይስ።»

ከፈልኩ።